የማንጠግቦሽ ተረከዝ

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ጠዋት ሆስፒታል ደርሰን መጣን። ሁለተኛው ጀሶ ታሰረላት። ከሰዓት በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አራት ዩኒፎርም ቀመቀምኩ። ማንጠግቦሽን ካርቶን ውስጥ በጨርቅ ደግፌ አስቀመጥኳት። የወደቀውን ቁርጥራጭ ሁሉ ወደ አፏ። ስፌቱን እያቋረጥኩ ከአፏ ሳወጣ ዋልኩ።

ጀሶውን የሚሠራው ባዘዘው የሚባል ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሠራ የሚያፏጭ። ያለፈውን ጀሶ ፈትቶ ግራ እግሯን በመዳፉ ያዘና ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ገፋ።

«ይዩት እትዬ እስከዳር። የልጅ አጥንት ገና ለጋ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ካባበሉት ይሰማል።»

«ካልሰማስ?»

«ይሰማል። እኛ ነን የማንታገሠው።»

ስድስት ወር ሊሞላት ነው። ቶሎ ብትመጡ ኖሮ አላለኝም። ሌላ ሰው ይለው ነበር።

ሐምሌ 4

ማታ ማታ ለራሴ መጻፍ ከጀመርኩ ቆየሁ። የእሷን ነገር ግን ከሥሩ አልጻፍኩትም።

ስንዱ ታናሽ እህቴ ናት። ጥር ላይ ወለደች። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ስሙን ራሷ ናት ያወጣችላት፣ ማንጠግቦሽ ብላ። ልጅቷ ግራ እግሯ ቆልማማ ነው። ውስጥ እግሯ ወደ ጎን ዞሮ፣ ተረከዟ ወደ ላይ ተሰቅሎ።

አባቷ ደመላሽ የይጁቤ ገበሬ ነው። እሱና እናቱ አምስት ወር አቆዩአት። በሰኔ ሚካኤል ልጠይቃቸው ስሄድ ወጌሻው በቅቤ ሲያሻት ደረስኩ። ታለቅሳለች። አያቷ ወለተ ሚካኤል «እያደገች ስትሄድ ይቃናል» ይላሉ። ልብስ ሰፊ ነኝ። የተጣመመ ስፌት እያደር ሲቃና አላየሁም።

የንስሐ አባታቸው ባሉበት ተነጋገርን። እግሯ ተቃንቶ በራሷ መሄድ እስክትጀምር እኔ ዘንድ ደብረ ማርቆስ። ከዚያ ወደ አባቷ። እሺ አልኩ። ያኔ እሺ ማለት ቀላል ነበር። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አግብቼ ፈትቻለሁ፣ አልወለድኩም። ልጅ ሲወሰድ ምን እንደሚመስል ከየት ላውቅ?

ሐምሌ 16

ማዘል አልቻልኩም። ጀሶው ከጭኗ እስከ ጣቷ ነው። ጉልበቷ ላይ ታጥፎ ደርቋል። ሳዝላት እግሯ እንደ መጥረቢያ እጀታ በጎኔ ይወጣል። አቅፌ ነው የምሄደው።

ሃኒ ከአጠገቤ የስልክ ካርድ ትሸጣለች። «እትዬ፣ ያቺን እግር ወደዚያ አዙሪልኝ! ደንበኛዬን በእርግጫ አባረረችብኝ» አለች። ሰዉ ሳቀ። ማንጠግቦሽም ሳቀች፣ የሳቁት ለእሷ መስሏት።

የሌሎች ሴቶች ጀርባ ላይ ልጅ ሳይ... ሰው በጀርባው ይናፍቃል እንዴ?

ሐምሌ 30

ጀሶው ሲፈታ እግሯ ወደ ውጭ መዞር ጀምሯል። ለየሁት። ተረከዟ ግን አሁንም ላይ ነው። አልወርድ ብሏል።

ነሐሴ 21፣ ማክሰኞ

ከተረከዟ በላይ ያለውን ጅማት ቆረጡላት። ትንሽ ቦታ። ሐኪሙ አደንዝዞ ነው የሠራው። እኔን ውጭ አስቆሙኝ። ጮኸች፤ ዝም አለች፤ ወጣች። አዲሱ ጀሶ ላይ አንዲት የደም ጠብታ።

«ጅማቱ ረዝሞ ራሱን ይቀጥላል» አለ ባዘዘው። «ይሄ የመጨረሻው ጀሶ ነው። ሦስት ሳምንት። ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይሄን እንዳይረሱብኝ፤ ውሃ እንዳይነካው።»

ማታ ደመላሽ ደወለ።

«እታለም፣ መቼ ትሄዳለች?»

«ገና አልቆመችም። ምን አስቸኮለህ?»

«አልቸኮልኩም። ላሟ ወልዳለች፤ ወተት አለ ልልሽ ነው።»

ሦስት ሳምንት ጀሶ። ከዚያ ጫማ። ከዚያ መቆም። ከዚያ... ቆጠርኩ። ለምን ቆጠርኩ?

ጳጉሜ 3፣ እሑድ

ሩፋኤል። ከሰዓት በኋላ ዘነበ። የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን እያወለቁ ወጡ። እናቶች ሕፃናቱን ይዘው ወጡ። አሮጊቶቹም ሳይቀሩ ነጠላቸውን ገልጠው ቆሙ።

«እትዬ፣ ማንጠግቦሽን አታወጫትም? የዛሬው እኮ ለእሷ እግር ነው የሚዘንበው!» አለች ሃኒ፣ ራሷ በስብሳ።

ጀሶውን በፌስታል ጠቀለልኩ። ጭኗ ላይ በክር ቋጠርኩ። አወጣኋት። አፏን ከፍታ ዝናቡን ዋጠች። ብዙ ቆየን።

ስንገባ ፌስታሉ ውስጥ ውሃ ይንቦጫቦጫል።

ጳጉሜ 4

ጀሶው ከጣቶቿ በኩል እንደ ገንፎ ሆኗል። ትናንት አምስቱም ጣቶቿ ይታዩ ነበር። ዛሬ ሁለቱ ብቻ። እግሯ ወደ ውስጥ ተንሸራቷል።

ጳጉሜ 5፣ ማክሰኞ

ባዘዘው አላፏጨም። ፈታው። ተረከዟ ትንሽ ወደ ላይ ተመልሷል።

«ምን ነካው?»

«ዝናብ። ሩፋኤል ነበርና...»

«እኔም የሩፋኤልን ዝናብ እወዳለሁ እትዬ። ጀሶ ግን ሃይማኖት የለውም።»

አዲስ አሰረላት። ሦስቱ ሳምንት እንደገና ከዛሬ ይቆጠራል።

ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ልጻፈው። ልጅቷን አቅፌ በጭቃው ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ተጨመረልኝ።

ሃያ ዓመት ክር ስቋጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። የላላውን ቋጠሮ ከጠበቀው ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ። እሑድ ዕለት ጭኗ ላይ የቋጠርኩት የቱ ነበር?

ነገ አዲስ ዓመት ነው።

መስከረም 21፣ ማክሰኞ

ጀሶው ወለቀ። እግሯ ቀጭን፣ የገረጣ፣ የተላጠ ድንች የመሰለ። ቀጥ ያለ። ባዘዘው ውስጥ እግሯን በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ወደ ላይ ታጠፈ፤ ተረከዟ ወረደ። ማፏጨት ጀመረ።

ከዚያ ጫማውን አመጣ። ሁለት ጫማ፣ መሀላቸው ብረት። ለሦስት ወር ቀንም ሌሊትም አይወልቅም፣ ለመታጠብ ካልሆነ። ከዚያ ለእንቅልፍ ብቻ። አራት ዓመት እስኪሞላት።

«አራት ዓመት?»

«አምስት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ጀሶው የሥራው ግማሽ ነው እትዬ። ሰው እግሩ ሲቃና ያያል፣ ጫማውን ይጥላል። አጥንቱ ግን ያድጋል። ሲያድግ የድሮ መንገዱን ይፈልጋል።»

ከቄሱ ፊት የተስማማነው እስክትሄድ ነው። አራት ዓመት ያለ ሰው አልነበረም። ይህን ሳስብ... ምክንያት አገኘሁ አልኩ? አዎ፣ አልኩ።

ጥቅምት 2

ግራዋን ብቻ ማንሳት ትፈልጋለች። ቀኟም አብሮ ሲነሳባት ትናደዳለች። «ሁለቱን አንድ ላይ ማጠፍና መዘርጋት ያስተምሯት፣ ጨዋታ ያድርጉት» ብሎኝ ነበር ባዘዘው። ብረቱን ይዤ እገፋለሁ፣ እስባለሁ። ሦስት ቀን አለቀሰች። ዛሬ ራሷ ገፋችኝ። ደረቴን ነው ያገኘችኝ። ብረቱን በከፋይ ጨርቅ ሸፈንኩት።

ኅዳር 12

ደመላሽና እናቱ ለሚካኤል መጡ። ወለተ ሚካኤል ልጅቷን አቅፈው ሳሟት። ከዚያ ነጠላውን ገለጥ አድርገው ጫማውን አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ? ልጅ እንደ በሬ ይጠመዳል እንዴ?»

«ሐኪም ነው ያዘዘው እማማ። ካላደረገችው እግሯ ይመለሳል።»

«ሐኪም ስለ ቀንበር ምን ያውቃል? ምን አርሳ ነው የተጠመደች?»

ደመላሽ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር።

«እኔ ዘንድ ስትመጣ ይሄ ብረት ከደጄ አይገባም» አሉ። «የመንደሩ ሰው ምን ይላል? የእስረኛ ልጅ መሰለች እኮ!»

ደመላሽ መሳቁን አቆመ። ለእናቱ ግን አልመለሰላቸውም።

ጥር 21

የስንዱ ሙት ዓመት።

ከጥር 6 ጀምሮ ጫማው ለእንቅልፍ ብቻ ሆኗል። ቀን እግሯ ነፃ ነው። ዛሬ አዝዬአት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሁለት እግር፣ በግራና በቀኝ፣ ወገቤን ይዞ። ከባድ ናት። ቅዳሴው እስኪያልቅ አላወረድኳትም። አንዲት ሴትዮ «ልጅዎ ናት?» አለችኝ። ዝም አልኩ። በቤተ ክርስቲያን አይዋሽም።

መጋቢት 9

ቆመች። የስፌት መኪናውን እግር ይዛ። ፔዳሉን ስረግጥ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ እሷም አብራ ትንቀጠቀጣለች፤ ትስቃለች። ተንበርክኬ አየሁ። በግራ ተረከዟና በወለሉ መሀል ወረቀት ላስገባ ሞከርኩ። አልገባም።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ሄደች። ከእኔ ጉልበት እስከ ሃኒ በርጩማ። አራት እርምጃ። ሃኒ መንገዱ እስኪሰማ እልል አለች።

«ለአባቷ ልደውልለት?»

«ተይ። እኔ እደውላለሁ።»

ሚያዝያ 17

አልደወልኩም።

ሚያዝያ 19

ራሱ ደወለ።

«እንዴት ናት?»

«ደኅና ናት።»

«ቆመች?»

«ይዛ ትቆማለች።»

ውሸት ነው? ይዛም ትቆማለች።

ሃኒ ሰምታለች። ካርዶቿን ስትደረድር ቀና አላለችም። እሷ ዝም ስትል አልወድም።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

የክትትል ቀን ነበር። ተራ ስንጠብቅ አንዲት ልጅ አየሁ። አምስት ዓመት ይሆናታል። ከመርጡለ ማርያም በኩል ነው የመጡት። በእግሯ ጎን ነው የምትረግጠው። የምትረግጥበት ላይ ቆዳው እንደ ተረከዝ ደድሯል። ያመጣት አጎቷ ነው፣ መሳፍንት ይባላል።

«ተቃንቶ ነበር እኮ» ይላል ላገኘው ሰው ሁሉ። «በሕፃንነቷ ጀሶ ታስራ ተቃንቶ ነበር።»

«ጫማውስ?» አልኩት።

«እናቷ ዘንድ ሳለች ይደረግላት ነበር አሉ። ከዚያ አያቷ ዘንድ ሄደች። ከዚያ እኔ ዘንድ። ማንም ስለ ጫማ አልነገረኝም። በኋላ ከቆጥ ላይ አገኘሁት፣ አይጥ በልቶት።»

ባዘዘው እግሯን ይዞ ገፋ። አልሰማም። ድንጋይ ሆኗል። እንደገና ጀሶ፤ ምናልባትም ቀዶ ጥገና። ልጅቷ አላለቀሰችም። ማንጠግቦሽ ወዲያ ወዲህ ስትል ታያታለች።

እንደተመለስኩ ደወልኩ።

«ደመላሽ። ሄዳለች።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

«እሰይ» አለ። ለምን ቆየሽ አላለም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንድ ነገር አለ። ስትመጣ ሦስት ቀን ታድራለህ። ጫማውን ማሰር ትማራለህ። ካልተማርክ አልሰጥህም። ለቄሱም ንገራቸው፣ እስከዳር እንዲህ ብላለች በል።»

«እሺ እታለም።»

ግንቦት 13

ደመላሽ መጣ። ጣቱ የዛፍ ሥር ነው። መጀመሪያ የግራውን ለቀኝ አደረገ። ከዚያ ማሰሪያውን እስኪጮህ ሳበው።

«ጋሽ ደመላሽ፣ የጤፍ ጆንያ አይደለችም እኮ!» አለች ሃኒ።

«ጤፍ እንዲህ አይራገጥም» አለ እያላበው።

ተረከዙ መጀመሪያ። እስከ ታች ድረስ። ከጫማው በስተኋላ ባለችው ቀዳዳ ተረከዟ ካልታየ አልገባም ማለት ነው። ከዚያ የመሀሉ ማሰሪያ። ከዚያ የላዩ፤ በጣቶቿ በኩል ያለው በመጨረሻ። አራት ጊዜ አስፈታሁት። አራት ጊዜ አሰረ። አልተበሳጨም። ስንዱ ለምን እንዳገባችው ዛሬ ገባኝ።

ግንቦት 14

ቀን ሲያስተኛት ብቻውን አሰረላት። አልነቃችም።

ልነግረው ወሰንኩ። ነገርኩት።

«ጳጉሜ ላይ ጀሶው የበሰበሰው በእኔ ነው። ቋጠሮውን አላልቼው ነበር።»

«ዝናብ ነው ያልሽኝ።»

«ዝናቡማ ዘንቧል። ያላላሁት እኔ ነኝ። እንድትቆይልኝ።»

ረጅም ጊዜ የልጅቷን እግር አየ።

«ስንት ቀን አቆየባት?»

«ሁለት ሳምንት።»

«እኔ አምስት ወር በቅቤ ሳሳሻት ቆየሁ» አለ። «ምን ልበልሽ እታለም?»

ቆሎ በላን።

ግንቦት 16

ሄዱ። እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ሻንጣውን ከላይ አስጫነ። ጫማውን ግን ሊያስጭኑት ሲሉ እምቢ አለ፤ በጋቢው ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ማንጠግቦሽ አላለቀሰችም። ዳቦ ይዛ ነበር።

ግንቦት 17

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ።

ግንቦት 23

ቁርጥራጭ ጨርቅ ሲወድቅ አፏ ሳይገባ ላንሳ ብዬ ጎንበስ አልኩ።

ግንቦት 29

ስልክ። የማላውቀው ቁጥር። ወለተ ሚካኤል ናቸው፣ ከጎረቤት ስልክ።

«ልጄ፣ ይሄ የመሀሉ ማሰሪያ ስንተኛው ቀዳዳ ላይ ነው?»

«እማማ? እርስዎ ነዎት እንዴ የሚያስሩላት?»

«ደመላሽ ደቦ ሄዷል፣ አልተመለሰም። ታዲያ ልጅቷ ሳትጠመድ ትተኛ?»

«ሦስተኛው። ቆይ፣ ተረከዟ በቀዳዳው ይታያል?»

«ዓይኔ የት አለና... ቆይ። ቆይ። በጣቴ ነካሁት። አለ።»

ልጅቷ ከኋላ ትንጫጫለች። አዲስ ቃል ይዛለች። ምን እንደምትል አልሰማሁትም። ስጧት፣ ላናግራት ልል ስል ተዘጋ።

ሰኔ 11

የይጁቤ መንገድ ተዘግቷል አሉ። ለስንት ቀን? የሚያውቅ የለም። ቀጠሯቸው ለማክሰኞ ነው።

ሰኔ 15

ተከፈተ አሉ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ሱቁን ሳልከፍት ሄድኩ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ የእግር ሕክምናው ክፍል በር ላይ ቆምኩ። አራት ሰዓት ላይ መጡ። ደመላሽ አዝሏታል። ጉንጯ በፀሐይ ጠቁሯል። ወፍራለች። አየችኝ። ደንበኛ እንደሚያየኝ አየችኝና ፊቷን አባቷ ትከሻ ውስጥ ቀበረች። እጄን ዘርግቼ ነበር። ሰበሰብኩት።

ባዘዘው አስቀመጣት። ካልሲዋን አወለቀ። እግሯ ላይ የማሰሪያው ምልክት አለ፤ ቀላ ያለ፣ ያልቆሰለ፣ በሁለቱም እግር እኩል። ስፌት ቢሆን ያለ ሜትር እፈርምለት ነበር። ውስጥ እግሯን ገፋ። በደንብ ታጠፈ። አስኬዳት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሄደች። ተረከዝ፣ ጣት። ተረከዝ፣ ጣት።

«ማን ነው የሚያስርላት?»

«እኔ» አለ ደመላሽ። «እኔ ከሌለሁ እናቴ።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን አልዘለልንም። እናቴ ጎረቤት ለጥየቃ ሲመጣ ገልጣ ታሳያለች አሁን።»

ባዘዘው ካርዱ ላይ ጻፈ።

«እንዲህ ከሆነማ በየወሩ አትንገላቱ። ከሦስት ወር በኋላ ኑ። መስከረም 13።»

ደመላሽ «እሰይ» አለ። መንገዱን አስቦ ነው። እውነቱን ነው፣ መንገዱ ከባድ ነው። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እሰይ አልኩ። አፌ ነው ያለው። እንደገና አየኋት። ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ በሁለቱም ተረከዟ ተቀምጣለች፣ እንደማንኛውም ልጅ። ስንዱ በልጅነቷ እንዲህ ነበር የምትቀመጠው። እሰይ አልኩ፣ ሁለተኛ። ይሄኛው የእኔ ነበር።

አብሬአቸው ወጣሁ። ደመላሽ ሊያዝላት ጎንበስ ቢልላት እምቢ አለች፤ በእግሯ ሄደች። ከበሩ ውጭ ቦዩ ጋ ስትደርስ ቆመች። እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፣ ማን እንዳለ ሳታይ። እኔ ነበርኩ የቀረብኩት። ጣቴን ያዘች። ተሻገርን። ለቀቀችኝና ቀደመችን።